ኦዲዮ ሲዲ ወደ ፍላሽ ለምታስገለብጡ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በከተማችን ደብረ ብርሃን የድሮ የመዝሙርና የዘፈን ሲዲዎችን ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን ከሚሉ ቤቶች መካከል፣ አንዲት ሴኮንድ ድምፅ እንኳ ሳይገለብጡ ሙሉ ሒሳብ የሚቀበሉ መኖራቸውን በዓይኔ ስላየሁ፣ ሌላ ሰው ገንዘቡንም ሲዲውንም እንዳያጣ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አባት ፍላሻቸው አልጫወት ስላላቸው እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። ስከፍተው ከትራክ 01 እስከ ትራክ 12 የተደረደሩ ስሞች አሉ፤ የእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ሲዲኤ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ሲሆኑ፣ መጠናቸውን በሚያሳየው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች 1 ኪሎባይት ብቻ ተጽፏል። ሲዲው ላይ የነበረው በሕይወት የሌሉ ወንድማቸው የደረደሩት፣ በየዐቢይ ጾሙ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚሰማው በገና ነው። ይባስ ብሎ «ከእንግዲህ ሲዲው አያስፈልግዎትም» ስለተባሉ እዚያው ትተውት ወጥተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመልሰን ስንጠይቅ ገና አልተጣለም ነበር። ገበያ ላይ የተሸጠ ካሴት ወይም ሲዲ ቢጠፋ ከሌላ ሰው እጅ ይገኛል፤ የቤት ቅጂ ግን ሌላ የለውም።

ነገሩ የሚበላሸው ኦዲዮ ሲዲ እንደ ፍላሽ ፋይል የሚቀመጥበት ዕቃ ስላልሆነ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ መሠረት ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ ያለ ፎልደርና ያለ ፋይል ስም፣ ከመሐል ወደ ዳር በሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ይጻፋል። ዊንዶውስ ሲዲውን ሲከፍት የሚያሳያቸው የሲዲኤ ፋይሎች ዘፈኑ ከየት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም ብቻ የሚናገሩ የ44 ባይት ጥቆማዎች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ ቢደመሩ 528 ባይት ቢሆኑ ነው። እነዚህን ጎትቶ ፍላሽ ላይ መለጠፍ የቤት አድራሻ ጽፎ ቤቱን ሰጠሁ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሲዲው ከድራይቩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲዲ ከሚያነብበት ክፍል፣ ይውጣና ፍላሹ በፊታችሁ ይጫወት፤ ሲዲው ውስጥ እያለ የሚሰማው ድምፅ ከሲዲው ራሱ ሊሆን ይችላልና። መጠኑንም ተመልከቱ። ሳይጨመቅ በዌቭ የተገለበጠ ድምፅ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ የተጨመቀ ደግሞ ወደ 1 ሜጋባይት። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መዝሙር መጠኑ በጣት የሚቆጠር ኪሎባይት ከሆነ አልተገለበጠም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሲዲ ሲሽከረከር እየታየ ድምፅ ካልተሰማ፣ ድራይቩ ሞቷልና ይቀየር ወይም የሚከፈልበት ማጫወቻ ፕሮግራም ይጫን የሚሉ አሉ። ነገር ግን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠሩ የድሮ ማጫወቻ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ሲዲፕሌይ፣ ድራይቩን «አጫውት» ብለው ያዝዙና ድምፁ ከድራይቩ ወደ ሳውንድ ካርዱ (ድምፅ ወደሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል) በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ እንዲሄድ ይተዉታል። ይህ ሽቦ በዩኤስቢ በሚሰካ ድራይቭ ላይ የለም፣ በዛሬዎቹ ላፕቶፖችም አይገኝም፤ ስለዚህ ድራይቩ ጤነኛ ሆኖ ዝም ይላል። በዊንዶውስ ፋንታ በነጻ የሚጫነው ሊኑክስ ላይም ሲዲውን እንደ ፍላሽ ለመክፈት (ማውንት ለማድረግ) ሲሞከር ስሕተት ይመጣል፤ ይህም የሲዲው ብልሽት አይደለም፣ የሚነበብ የፋይል ሥርዓት ስለሌለው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ድራይቭ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሥራው በነጻ የሚሠራ ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች የጫነ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ኤምፒቪ የተባለውን ማጫወቻ ጭኖ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የማጫወቻውን ስም ይጽፋል፣ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ከዚያም ሲዲዲኤ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት ጽፎ ኮለንና ሁለት ወደ ቀኝ ያዘነበሉ እዝባሮች አስከትሎ ኢንተር ሲመታ ሲዲው ይጫወታል። ለመገልበጥ የምመክረው ሲዲፓራኖያ የተባለውን ፕሮግራም ነው። ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን የላቲን ኪው ሲያስገቡለት በሲዲው ላይ ያሉትን ትራኮች ከነርዝመታቸው ይዘረዝራል፤ በኪው ፋንታ ትልቁን የላቲን ቢ ሲሰጡት እያንዳንዱን ትራክ የቆሙበት ፎልደር ውስጥ ዌቭ አድርጎ ለየብቻ ያስቀምጣል። የተጫረ ሲዲ ላይ ቀስ ይላል፣ ምክንያቱም ያጠራጠረውን ቦታ ደጋግሞ ያነባል፤ ንባቡ በደህና ሲሄድ በኮለን፣ በሰረዝና በቅንፍ የተሠራች ፈገግ ያለች ፊት ስክሪኑ ላይ ያሳያል። የእኒያ አባት በገና በዚሁ መንገድ ወጣ፣ ሁለት ፍላሽ ላይም ተቀመጠ።

ከዚህ በፊት አስገልብጣችሁ ከሆነ ፍላሹን ዛሬውኑ ክፈቱና የሲዲኤ ፋይሎች እንዳሉበት እዩ። ካሉበት፣ ሲዲው በእጃችሁ እስካለ ድረስ የጠፋ ነገር የለም፤ የከፈላችሁበትን ቤት ገንዘባችሁን መልሱ ወይም በትክክል ገልብጡ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሲዲውን እዚያ የተዋችሁ ግን ፍላሹን ለማስተካከል ከመሞከራችሁ በፊት ሲዲውን ሄዳችሁ አምጡ።