ስምንት ወር ከዩ-9 ጋር፦ የጀርመኗ ሰርጓጅ መርከብ ሞዴል እንዴት ከረመች?

የአክስቴ ልጅ ከሃምቡርግ ሊመጣ ሲል “ምን ላምጣልህ?” አለኝ። ያስመጣሁት 1/72 ልኬት ያላትን የዩ-9 የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ገጥሜ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ከቆመች አምስት ወር ሆኗታል። ሣጥኑን በከፈትኩ ማግስት ብጽፍ ኖሮ የምጽፈው ውዳሴ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን የት ላይ እንደጠነከረች፣ የት ላይ እንደላላች በደንብ አውቃታለሁ።

እውነተኛዋ ዩ-9 57.38 ሜትር ርዝመት ነበራት፤ ሞዴሏ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ቡፌ ውስጥ አስቀምጣታለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። የእኔ ቡፌ አልበቃት ብሎ እንጨት ቤት ሄጄ ለብቻዋ መደርደሪያ አሠርቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ጭስ ማውጫዋን ነው። ሰርጓጅ መርከብ ጭስ ማውጫ አላት ሲባል ግር ይላል፤ እኔም መጀመሪያ ቁራጯን ሳያት የሌላ ሞዴል ዕቃ ተቀላቅሎ የመጣ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዩ-9 ዳንዚግ (የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ግዳንስክ) በነበረው የባሕር ኃይሉ መርከብ መሥሪያ ተገንብታ እ.ኤ.አ. በ1910 ሥራ ስትጀምር፣ ጀርመኖች ለሰርጓጅ የሚታመን የናፍጣ ሞተር ገና አልነበራቸውም። ቤንዚን ደግሞ ተዘግቶ በሚኬድበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ትነቱ አደገኛ ነው። ስለዚህ የከርቲንግ ኩባንያን የላምባ ሞተር ገጠሙላት። የላምባ ምድጃ ሲጠፋ የሚትጎለጎለውን ነጭ ጭስ የምታውቁ፣ ያንን በባሕር ላይ አስቡት። ቀን ላይ ጭሱ ከሩቅ ያጋልጣታል፤ ሌሊት ደግሞ ብልጭታ ይወጣዋል። ከመጥለቋ በፊት ሞተሩ ይጠፋል፣ ረጅሙ ቧንቧ ይወርዳል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሄደው በባትሪ ነው። ናፍጣ የመጣው ከእሷ በኋላ በተሠራችው በዩ-19 ነው። ሞዴሏ ላይ ይህን ቧንቧ ማቆምም ማስተኛትም ይቻላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የማሳየው እሱን ነው። ያኔ ሰርጓጅ የምትባለው አብዛኛውን ጊዜዋን ውሃው ላይ የምታሳልፍ፣ ሲያስፈልግ ብቻ የምትጠልቅ ጀልባ እንደነበረች ከብዙ ገጽ ንባብ ይልቅ ይህች ቁራጭ አስረድታኛለች።

ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) መተኮሻዎቿም በጥንቃቄ ተሠርተዋል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። የያዘቻቸው ቶርፔዶዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1914፣ በእኛ መስከረም 12 ቀን 1907፣ ካፒቴኗ ኦቶ ቬዲገን በኔዘርላንድ ዳርቻ አቅራቢያ ስድስቱንም ተኩሶ አቡኪር፣ ሆግ እና ክሬሲ የተባሉ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን በአንድ ማለዳ አሰጠመ። አቡኪር ስትመታ ሌሎቹ ፈንጂ የረገጠች መስሏቸው ሰው ለማዳን ቆመው ነበር። ወደ 1,460 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሆግ ላይ ሁለት ቶርፔዶ በአንዴ ሲተኮስ የዩ-9 የፊት ክብደት ቀንሶ አፍንጫዋ ከውሃው ብቅ አለ። ይህን እያሰብኩ ነው የፊቷን ክዳኖች በወረንጦ የለጠፍኳቸው። ሞዴሏ ላይ የምትቆመው የባሕረኛ ምስል 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት፤ አጠገቧ ሲያስቀምጧት 29 ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት እንደኖረ ማሰብ ያስጨንቃል።

ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው፤ ውስጧ ባዶ ነው። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ የቶርፔዶው ክፍል፣ አንዱም የለም። አንድ ጎኗ ተከፍቶ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ሁለት እጥፍ እከፍል ነበር። የጀርመን ባሕር ኃይል የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ ዩ-1 ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም የተቀመጠችው ጎኗ ተቆርጦ ውስጧ እንዲታይ ሆኖ ነው፤ ይህን ሐሳብ ሞዴል ሠሪዎች ለምን እንዳልወሰዱት አይገባኝም። ዩ-1 እ.ኤ.አ. በ1906 ኪል ላይ ስትሠራ 42.39 ሜትር ብቻ ነበረች፣ መተኮሻዋም አንድ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የመጣውን ለውጥ ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው እኔ ብቻ አልመስለኝም።

የግራና የቀኝ ቀፎዋ ሲጋጠም መሐል ላይ ክፍተት ይተዋል። እኔ በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ አለሰለስኩት፤ ከአምስት ወር በኋላም አልተሰነጠቀም። ለቀለም ግን የመኪና ቀለም ቲነር እንዳትጠቀሙ። አንድ ጠብታ የማማዋን ጫፍ አቅልጦብኝ በፋይል አስተካክዬዋለሁ፤ ጠባሳው እስካሁን አለ። በአፍንጫዋ ላይ የሚለጠፈው የ“ዩ 9” ጽሑፍ ጠርዙ ተነሥቷል። የብረት መስቀል ምልክቱም ከሣጥኑ ጋር ይመጣል፤ ያ ግን ከድሉ በኋላ የተሰጣት ስለሆነ የሰላሙን ዘመን መልክ የመረጥኩት እኔ አልለጠፍኩትም። በላይኛው ወለል ዙሪያ የሚዞሩት የእጅ መያዣ ዘንጎች አቧራ ሲጠረግ ሁለቱ ተሰብረዋል። ጨርቅ አትንኳት፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃታል። መስኮት አጠገብም አታቁሟት፤ የእኔ በፀሐይ በኩል ያለው ቀለሟ ከሌላው ጎን ገርጥቷል።

ዘንጎቹን በጊታር ክር ልተካቸው ነው፤ ቀጭኑ ክር ልኩ ነው። ጭስ ማውጫው ግን እየተነሣና እየተኛ ስለላላ ባለፈው ሳምንት ማጠፊያው ላይ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጌ ቀጥ አድርጌ አቁሜዋለሁ፤ ከእንግዲህ ይህች ዩ-9 አትጠልቅም።