የአያታችንን አሟሟት ላጣሩልን የደብረ ብርሃን አባት ምስጋና

የኮሪያ ዘማች የነበሩት አያታችን እንዴት እንደኖሩና በማን እጅ እንደሞቱ ለማጣራት ለደከሙልን ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መላው ቤተሰባችን እግዚአብሔር ይስጥልን ይላል። ገዳዩ ዛሬም አልታወቀም። የእኚህ አባት አሠራር ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

ሥራቸውን የሚጀምሩት ከግድያው አይደለም፤ ከአገልግሎቱ ነው። «ኮሪያ ዘምቷል» መባሉ አይበቃቸውም፤ ስንተኛው ቃኘው (ወደ ኮሪያ በየተራ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር)? ይላሉ። አንደኛው በ1943 ሲዘምት አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ የሁለተኛው ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ የሦስተኛው ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ነበሩ። ከዘመድ አንዱ የአዛዡን ስም ካስታወሰ የዘመቱበት ጊዜ ይገኛል። በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ወረቀት ካለ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት መቀነስ ነው። ስምም በአንድ ፊደል ብቻ አይፈለግም፤ ሣህሉ ሳህሉ ተብሎ፣ ኃይሌ ሀይሌ ተብሎ ሌላ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቃኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ስለነበር ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የብዙዎቹ አገልግሎት ይቋረጣል። ያ ክፍተት ብቻውን ሰውየው ከሙከራው ጋር ነበሩ አያሰኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍርድ ቤት ላይ ነው። ወንጀል ችሎት መዝገብ የሚከፈተው በተከሳሽ ስም ነው፤ ተከሳሽ ካልተገኘ የሟች ስም እዚያ የለም። ስለዚህ የፖሊስ የዕለት ሁኔታ መዝገብን ያስቀድማሉ፤ ቀጥለው ወደ ፍትሐ ብሔር ይሄዳሉ። የውርስ መዝገብ የሞቱበትን ቀን ይይዛል፤ ከግድያው በፊት የነበረ የርስት ክርክርም ካለ እዚያው ይገኛል። የድሮውን ፋይል «ሰሜን ሸዋ» ብሎ መጠየቅ ድካም ነው፤ በዚያን ዘመን ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበር የሚባለው። ፋይሉ ሲገኝ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ ከነጀርባው ፎቶ ያነሳሉ፤ «መርማሪው ተዛውሯል» የሚል የእርሳስ ጽሑፍ የተገኘው ከጀርባው ነው። የደበዘዘ የካርቦን ቅጂን መስኮት አጠገብ አጋድመው ያነሱታል፤ ፍላሽ ያጠፋዋል።

ቀኑ ሲጠፋ ተዝካር ይጠይቃሉ። አርባው የወጣው ግንቦት ልደታ ዕለት ከሆነ ሞቱ መጋቢት 22 አካባቢ ነው። ግን አርባ ነው ወይስ ሙት ዓመት? ይህን ሳያረጋግጡ አይቆጥሩም፤ ድግስ አቅም እስኪገኝ ይዘገያልና።

ምስክሮችን አንድ ላይ አያናግሩም፤ ቡና ላይ አንዱ የተናገረውን ሌላው «እኔም አውቃለሁ» ይላል። «አየሁ»ን እና «ሲሉ ሰማሁ»ን በተለያየ ገጽ ይጽፋሉ። ለቅሶው ላይ የወረደ ሙሾ አንድ ሰው ላይ ጣት ቢቀስርም ግጥሙን እንዳለ ይመዘግቡና «ወሬ» ከሚለው ገጽ ያስቀምጡታል። የተጠርጣሪዎቹን ስም በ«ሀ» እና በ«ለ» ተክተው ነው ያስረከቡን። ደም የሚያስታውስ አገር ውስጥ ያልተረጋገጠ ስም ማውጣት የልጅ ልጆችን ጠብ ውስጥ መክተት ነው፤ ትልቁ ውለታቸውም ይኸው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 25 ዓመት መሆኑንም ከመጀመሪያው ነግረውን ክስ ሳይሆን እውነቱን እንድንፈልግ ረድተውናል።

ቸኩሎ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም፤ ዝግ ብለው ነው የሚሠሩት፤ በእጅ ነው የሚጽፉት፤ መንገድ ሲዘጋም ወደ ገጠር አይወጡም። የድካማቸውን ዋጋ ቀድመው ይነጋገራሉ፣ የፎቶ ኮፒውን በደረሰኝ ያወራርዳሉ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እሳቸውን አስፈቅደን እንሰጣለን። ስትሄዱ የሟችን ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የተቀበሩበትን ደብርና የተገኘ ሜዳይ ወይም የጡረታ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።