ከባሌ ተራሮች ይዤ የመጣሁት ባዶ ሜሞሪ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከባሌ ከተመለስኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ሱቁ ድረስ ሄጄ ተዋርጄ ተመለስኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ካሜራ የምትይዙ ሰዎች፣ በተለይ እንደ እኔ ከደሞዛችሁ እየቆጠባችሁ ተራራ የምትወጡ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ጉዳዩ የአንድ ሜሞሪ ካርድ ጉዳይ ነው። በእጅ ላይ ሲያዩት ጥፍር የምታክል ነገር ናት። እኔን ግን የአንድ ዓመት ቁጠባዬን፣ የዓመት ፈቃዴንና ዳግም የማላገኘውን ጠዋት አሳጥታኛለች።

የሱቁን ስም አልጠራም። በእጄ ማስረጃ የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝ እነግራችኋለሁ። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቦሌ አካባቢ፣ ሕንፃ ላይ፣ ጠባብ ክፍል፣ መስታወት ውስጥ ሌንስ የተደረደረበት። ገና በሩን ሳታልፉ "ወንድሜ ግባ፣ ምን ልታዘዝ" ይላችኋል። ዕቃው ሁሉ ከዱባይ የመጣ ነው። ሁሉም ኦሪጅናል ነው። "የቻይና አንሸጥም" ይላል፣ ሳትጠይቁት።

ከጉዞው በፊት በነበረው ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ገባሁ። ስሙ የታወቀ ኩባንያ ካርድ፣ 128 ጊጋ፣ ከነማሸጊያው መስታወት ውስጥ ነበር። ዋጋ ጠየቅኩ። "4,200" አለኝ። "በደረሰኝ ከሆነ ግን ቫት ይጨመራል።" 15 በመቶ ማለት 630 ብር ነው። በልቤ ቶሎ አሰላሁት። ለፈረስ ኪራይ ይሆነኛል አልኩ። "እንግዲያው ያለ ደረሰኝ ይሁን" አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ መቶ ጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ መልሼ አይቸዋለሁ።

መስታወት ውስጥ የነበረውን ካርድ አንስቶ አገላብጦ አየው። "ይሄ ለማሳያ ነው፣ ፀሐይ መቶታል። አዲስ ከውስጥ ላምጣልህ" አለኝ። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ትንሽ ቆየ። ሲወጣ ካርዱ በመዳፉ ውስጥ ነበር። ለእኔ አልሰጠኝም። ማሸጊያውን ራሱ በመቀስ ቀደደው። "ካሜራህን አምጣ፣ ላስገባልህ።" ሰጠሁት። አስገባው፤ ፎርማት አደረገው፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። "ይኸው፣ ከ4,000 በላይ ፎቶ ይይዝልሃል።" እውነትም ቁጥሩ ይታያል። እኔ ቁጥሩን ሳይ እሱ ማሸጊያውን ጨምድዶ ጠረጴዛው ሥር ካለው ቅርጫት ጣለው።

ያን ጊዜ መስተንግዶ መስሎኝ ነበር። አመስግኜዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን አንዷም እንቅስቃሴ በከንቱ አልነበረችም። የታሸገውን እንዳልይዝ አደረገ። ማሸጊያው እንዳይቀርልኝ አደረገ። ካሜራው ላይ ቁጥር አሳይቶ አፌን አስያዘኝ። ገንዘቡን በቴሌብር ስከፍል የመጣው ስም የሱቁ አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ስም ነው። ያንንም አየሁ፤ ያንንም ሳልጠይቅ አለፍኩ።

እሑድ ጉዞ ጀመርኩ። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጌ የፓርኩ መግቢያ ወደሆነችው ዲንሾ ገባሁ። አስጎብኚና ሁለት ፈረሶች ያዝኩ። የፈረሶቹ ባለቤት እድሜያቸው ከሰባ የማያንስ አባት ናቸው። ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሰኞን ጋይሳይ ላይ ደጋ አጋዘን ሳነሳ ዋልኩ። ማክሰኞ ወደ ወብ ሸለቆ ወረድን። ረቡዕ ኬይረንሳ አደርን። ሐሙስ ጋርባ ጉራቻ ደረስን። ጋርባ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ስሙ ይገባችኋል።

ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ። አገራችን ለእንዲህ ያለው ከፍታ ስም አላት፤ ውርጭ እንለዋለን። ሳነቴ አምባ ላይ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በታኅሣሥ ሌሊት የጠርሙስ ውኃ ድንኳን ውስጥ ይረጋል። ራስ ይፈልጣል። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ ሙሉ የነበረው በአንዴ ያልቃል። ሁለቱን ባትሪዎቼን ሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። ስክሪኑ ባትሪ እንዳይበላብኝ ብዬ ያነሳሁትን መልሶ የሚያሳየውን ዘጋሁት። ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሄጄ ባይ ኖሮ ያኔውኑ አውቅ ነበር። አሮጌው ባለ 16 ጊጋ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነበር። አምስቱን ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ንጋት። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ሁሉ በረዶ ለብሷል። አስጎብኚው ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ከፊታችን 30 ሜትር በማይሞላ ቦታ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። እንደምታውቁት በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ነው ያለው። አንገቱን ደፍቶ የፍልፈል ጉድጓድ ያዳምጣል። ጀርባው ላይ ውርጩ ይታያል። ትንፋሹ ይታያል። ሆዴን መሬት ላይ አድርጌ ተኛሁ። ከጓደኛዬ የተዋስኩት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረኝ። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ፀጉሩ እሳት መሰለ። ያን ጊዜ ዘለለ። አየር ላይ እንዳለ አነሳሁት። ከዚያ ፍልፈሉን በአፉ እንደያዘ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። እሱንም አነሳሁት። ካሜራ ከያዝኩ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ቆሞ አያውቅም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከደስታው እንጃ።

ረፋዱ ላይ ቱሉ ዲምቱ ወጣን። 4,377 ሜትር ነው። እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ ቢኖረውም እኛ በእግር ነው የወጣነው። ኦቦ ነጩን ፈረሳቸውን ይዘው ከጫፉ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከፈረሳቸው ጋር የተነሱት ፎቶ በሕይወታቸው አንድም እንደሌለ ነገሩኝ። ስንት ዘመን የሰው ዕቃና የሰው ካሜራ ተሸክመው ወጥተው ወርደዋል። አንዱ እንኳ አልላከላቸውም። "እኔ እልካለሁ ኦቦ፣ አሳጥቤ በትልቁ ነው የምልክልዎ" አልኳቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ።

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። 1,140 ፎቶ ይላል። ስማቸው ተራ በተራ ተደርድሯል። የመጀመሪያዎቹ 296 ተከፈቱ። አጋዘኖቹ አሉ። የወብ ሸለቆ መግቢያው አለ። 297ኛው እስከ ግማሹ ወንዝ ነው፤ ከግማሽ በታች ግራጫ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 843ቱ አንዱም አይከፈትም። ቀበሮው የለም። ጋርባ ጉራቻ የለም። ኦቦ የሉም።

እሑድ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። የጠፋ ፋይል መመለስ ሥራው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ካርዱ በትክክል የሚይዘው 8 ጊጋ ብቻ ነው። ውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ 128 ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ ተነካክታለች። ካሜራውም ላፕቶፑም ያምኗታል፤ ሌላ የሚጠይቁት የላቸውም። 8 ጊጋው እስኪሞላ ድረስ ምንም ችግር የለም። ከሞላ በኋላ የፎቶው ስም ይመዘገባል፤ ፎቶው ግን የትም አይቀመጥም። ካሜራውም ስህተት አለ አይልም። "መመለስ አይቻልም ወይ?" አልኩት። "የጠፋ ቢሆን እመልስልህ ነበር። ይሄ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም" አለኝ።

ትናንት ሱቁ ሄድኩ። ያው ሰው ነው። ባለፈው "ወንድሜ" ያለኝ ትናንት "ሰውዬ" አለኝ። ካርዱን ሳሳየው ሳይነካው "የኛ ዕቃ አይደለም" አለ። ከእሱ እንደገዛሁ፣ ራሱ ካሜራዬ ውስጥ እንዳስገባው ነገርኩት።

"ደረሰኝ አለህ?"

"አንተ ነህ በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመራል ያልከኝ።"

"እሺ ማሸጊያውስ? ማሸጊያው ላይ ቁጥር አለ። እሱን አምጣና እንነጋገር።"

ማሸጊያውን የጣለበት ቅርጫት እዚያው ጠረጴዛው ሥር ነው። አየሁት። እሱም ሳየው አየኝ። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

አብራው የምትሠራው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። ምን እንዳጣሁ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ቢያንስ እሷ ይገባት ይሆናል ብዬ። ስለ ቀበሮው ነገርኳት። እሱ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። "ለቀበሮ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው? ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ አውርድ።" እሷም ሳቀች። ከዚያ ከመስታወቱ ውስጥ ሌላ ካርድ አውጥቶ "ከፈለግህ ይሄን በ3,800 ልስጥህ፣ ለደንበኛ" አለኝ።

ወጣሁ። ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ሰው መሰብሰብ ነበረብኝ። ዝም ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። ሕንፃው በር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። አላፍርበትም።

በ4,200 ብሩ አይደለም ይህን ያህል የምናደደው። ፎርጅድ ጫማ ቢሸጥልኝ ሶሉ ሲላቀቅ ሌላ እገዛለሁ። ይህ ሰው ግን ዕቃው መቼና እንዴት እንደሚከዳኝ እያወቀ ነው የሸጠልኝ። ወዴት እንደምሄድ ነግሬው ነበር። "ባሌ! መታደል ነው፣ በሰላም ግባ" ብሎ መርቆኛል።

እናንተ ግን ካርድ ስትገዙ በደረሰኝ ግዙ፤ የሸማች መብት የሚባለው ነገር ያለ ደረሰኝ የትም አያደርሳችሁም። ማሸጊያውን ራሳችሁ ክፈቱ፣ አትጣሉት። ከጉዞ በፊት ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት፤ ይህን የሚሠሩ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው እና ኤፍ ስሪ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ፎርማት ማድረግ ብቻውን ምንም አያሳይም። ከአንድ በላይ ካርድ ይኑራችሁ፤ ደግሞ ተጠቀሙበት እንጂ እንደ እኔ ኪሳችሁ አታስቀምጡት።

ዛሬ ጠዋት ኦቦ ደውለው ነበር። ስለ ፎቶው ሊጠይቁ ይሆናል። ስልኩን ማንሳት አልቻልኩም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ከቴሌው ማማ አጠገብ፣ በሁለት ነጭ ላንድክሩዘር የመጣችሁ ልጆች ነበራችሁ። ከመካከላችሁ ቀይ ጃኬት የለበሰችው እኅት አባታችንን ከነጭ ፈረሳቸው ጋር በስልኳ ስታነሳ አይቻለሁ። ይህ ጽሁፍ ከደረሰሽ፣ ወይም እሷን የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ያንን ፎቶ ላኩልኝ። እኔ አሳጥቤ ዲንሾ ድረስ አደርስላቸዋለሁ።