ባለ 7 ኪሎው ማሽን በሮቶ ውኃ፦ የሁለት ዓመት ግምገማ

ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁት ከፊት የሚከፈት ባለ 7 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዳር ላይ በክረምት በእጅ የተጨመቀ ልብስ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ይቆያልና፣ ያስገዛኝ ከማጠቡ ይልቅ መጭመቁ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ያቃተውም ይኸው ነው፤ 12 ደቂቃ ሲቀረው ይቆምና በሩን እንደቆለፈ፣ ልብሱንም ውኃ ውስጥ እንደዘፈዘፈ ያድር ጀመር።

ከሻጩ የተላከው ባለሙያ ማሽኑን ሳይከፍት ቦርዱ ተቃጥሏል አለኝ። ቦርድ ሊቃጠል ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ የሚሞላ፣ የሚያሞቅና ከበሮውን የሚያዞር ማሽን ውኃውን ማስወጣት ብቻ ሲያቅተው አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የመውጫው መንገድ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ከታች ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቼ፣ ሳፋ ደቅኜ የፓምፑን ማጣሪያ ቀስ ብዬ ስፈታው ከጋቢ ጫፍ የረገፈ ክር ተድቦልቡሎ ወጣ። የዚያኑ ዕለት ማሽኑ ጨምቆ ጨረሰ። ማጣሪያው ያለ መፍቻ በእጅ የሚከፈት መሆኑን ከማሽኑ መልካም ጎኖች እቆጥረዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ግን የቆመው ሊያለቀልቅ ሲል ነበር፣ ከበሮው ውስጥም ውኃ አልነበረም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ውኃ ይዞ የሚቆም ማሽን ማስወጣት፣ ባዶውን የሚቆም ደግሞ መሙላት አቅቶታል ማለት ነው። መመሪያው ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃል። የእኛ ሮቶ ከማሽኑ በላይ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ስለሚሰጥ ግፊታችን ከ0.3 ባር አያልፍም። የቧንቧ ውኃ በቀጥታ ሲመጣ የሚጨርሰው፣ ከሮቶ ሲቀዳ የሚያቋርጠው ለዚህ ነበር። በዚያ ላይ ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለል በመግቢያው ቱቦ ጫፍ ያለችውን ጥቃቅን ወንፊት ደፍኗታል። ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ከሮቶው ሥር ትንሽ የግፊት ፓምፕ ካስገጠምኩ ወዲህ ውኃ አነሰኝ ብሎ አያውቅም።

አሁንም አንዳንዴ የማይጨርሰው ጋቢ ብቻውን ሲገባበት ነው። አራት ድርብ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ሲከመር ከበሮው ሚዛኑን ይስታል፤ ማሽኑም ደጋግሞ ሊያስተካክል ይሞክርና በፍጥነት መሽከርከሩን ይተወዋል። ይህ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ እንጂ ብልሽት አይደለም። ሁለት ፎጣ አብሬ ስጨምርለት አብዛኛውን ጊዜ ይጨምቀዋል፤ እናቴ ግን ጋቢዋን ዛሬም ለማሽን አትሰጥም።

ለማሽኑ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት መመሪያው የውኃ ግፊትን ነገር በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል ስለሸሸገው ነው። ለጥገና አገልግሎቱ የምሰጠው ከአምስት አንድ ነው፤ ሻጩም ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የገዢው ውኃ ከቧንቧ ይሁን ከሮቶ፣ ሮቶውም ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ መጠየቅ ነበረበት።