«የፈረሰች ከተማ» ሞዴል ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የበሩን ቁመት ጠይቁ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ አትላኩ። ሰሞኑን በቴሌግራም «ለ28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች የተዘጋጀች ሙሉ የፈረሰች ከተማ» ተብሎ የሚሸጠው የትንንሽ ሕንፃዎች ሞዴል ለ28 ሚሊ ሜትር ወታደር፣ ማለትም 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሚቆመው የጨዋታ ምስል፣ አይሆንም። 8,500 ብር ከፍለንበታል። ብሩ ከጓደኛሞች ኪስ የተዋጣ ነው፤ ከመካከላችን ገና ተማሪ የሆኑ አሉ። ተናድጃለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን በማስመሪያ ለክቼ ነው የምጽፈው።

28 ሚሊ ሜትር የሚባለው ወታደር ብዙውን ጊዜ ከ1፡56 ልኬት (ከእውነተኛው 56 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) ጋር ይሄዳል። ቁመቱ 2.10 ሜትር የሆነ እውነተኛ በር በዚህ ልኬት ወደ 37 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የተላከልን ቤት በር 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ለሞዴል ባቡር የሚሠራበት የ1፡87 ልኬት ነው። ወታደሩን በሩ ላይ ስታቆሙት የላይኛው ጉበን ደረቱ ላይ ያርፋል። የመስኮቱ ደፍ ደግሞ ከጉልበቱ አያልፍም። ፍርስራሽ ውስጥ መከለልና ከመስኮት ሥር መተኮስ የጨዋታው ነፍስ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም ወታደር ከጉልበቱ በላይ ተጋልጦ ይቆማል። ከፈረሰው ፎቅ የተረፈው ወለል 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የወታደሮቻችን መቆሚያ ክብ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቅ ላይ የወጣ ሁሉ ይወድቃል።

ከልኬቱ የባሰው የተሠራበት ነገር ነው። ግድግዳዎቹ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ከሆነው፣ ፍሬ ፍሬ ከሚለው ነጭ ፎም የተቆረጡ ናቸው። በላዩ ላይ ምንም መከላከያ ሳይቀባ ስፕሬይ ቀለም ተረጭቶበታል። በስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ ይህን ፎም ይበላዋል። ፎቶው ላይ የጥይትና የመድፍ ቀዳዳ መስሎ ያማረን ሁሉ ቀለሙ የበላው ጉድጓድ ነበር። አንዱን ግድግዳ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ጥቁሩ ቀለም እንደ ቅርፊት ተነሣና ነጭ ፍሬዎች ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ሻጩን ስጠይቀው «አብሽር ወንድሜ፣ መንገዱ ነው ያንገላታው» አለኝ። የጣርማ በርን ተራራማ መንገድ ያቋረጠ ዕቃ ሊሰበር ይችላል፤ መንገድ ግን ፎም አያቀልጥም፣ በርም አያሳጥርም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ቁጭት አለው። ልንሠራ የፈለግነው የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 የደበደቧትን ደሴ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የድንጋይ አጥር እንፈልጋለን ብለን በጽሑፍ ነግረነዋል፤ እርሱም «በትእዛዛችሁ መሠረት ይሠራል» ብሎ ቀብዱን ተቀበለ። የመጣው የአውሮፓ ጡብ ቤትና ሹል ቅስት መስኮት ያለው የደወል ማማ ነው። አያቶቻችን የነገሩንን ቀን በጠረጴዛ ላይ ልናሳይ ለተነሣን ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ሻጩ ማስመሪያ ከበሩ ጎን አቁሞ ፎቶ ያንሣላችሁ፤ አንድ ወታደርም ከነመቆሚያው ፎቁ ላይ ያቁም። እምቢ ካለ ተዉት። የተቆረጠውን የፎም ጠርዝ በቅርብ አሳየኝ በሉት፦ ፍሬ ፍሬ ካለ ለማሸጊያ የሚሆነው ነው፤ ለስላሳና ድፍን ከሆነ ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚያገለግለው ጠንካራው ዓይነት ነው። እርሱንም ቢሆን ስፕሬይ ይበላዋል፤ በመጀመሪያ በምን እንደተቀባ ጠይቁ። ደረሰኝ ሳይሰጥ ሙሉ ክፍያ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ነጋዴውን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ክርክሩ ይከብዳል። የመልእክት ልውውጡንና የክፍያ ማረጋገጫውን አታጥፉ፤ እኛም አቤቱታችንን የያዝነው በእነርሱ ነው።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጣል 3 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ቁራጭ ለግድግዳ ከማንኛውም ፎም ይሻላል። ኮላ ቀብታችሁ ደቃቅ አሸዋ ስትነሰንሱበት የጭቃ ምርጊት ይመስላል። ለቆርቆሮ ጣሪያ የትንንሽ ዕቃ ማሸጊያ የሆነውን ቀጭን ካርቶን አርጥቡና አንዱን ገጽ ላጡት፤ የትልቁ ካርቶን ሞገድ ለዚህ ልኬት ይሰፋል። ፎም የምትጠቀሙ ካላችሁ ኮላና ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም ቀላቅላችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት። በጋለ ሽቦ ስትቆርጡ ደግሞ መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ሻጩ የቻናሉን ስም ቀይሯል፤ ፎቶዎቹ ግን ያው ናቸው። ግማሹ የተገመሰ የደወል ማማ፣ ከሥሩ ቀይ ጡብ የተከመረበት፣ በስተግራ ሰማያዊ መጋረጃ የሚታይበትን ፎቶ ካያችሁ እርሱ ነው። ከእርሱ የገዛችሁ ካላችሁ የክፍያ ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ አግኙን፤ አቤቱታውን በአንድነት እናቅርብ።