የጎማው «14» የእኛ 14 አይደለም

በዓል ሲደርስ መኪናችሁን ለሩቅ መንገድ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የሻጩን ስምም ሰፈሩንም አልጠቅስም። የደረሰብኝን ስናገር «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል» ያሉኝ ሰዎች በዝተዋል፤ ነገሩ የአንድ ሱቅ ጉዳይ አይመስለኝም።

በታኅሣሥ 2017 እናቴን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ልወስዳት ተነሣሁ። የቆየ ስለት ነበረባት። ጉልበቷ እየደከመ ስለሄደ «ዘንድሮ ካልደረስሁ እንግዲህ አልደርስም» ብላኝ ነበር። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼም አብረውን ነበሩ። መኪናዋ ኮሮላ ናት። ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ጋራዥ አስገባኋት፤ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ የፍሬን ሸራው ታደሰ፣ ራዲያተሩ ታጠበ፣ የተሰነጠቀው ቺንጋ በአዲስ ተተካ። መካኒኩ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጥርስ ማለቁን ሲነግረኝ ጎማ ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘኋቸው ሁለት ጎማዎች እንደ ተወለወለ ጫማ ያበሩ ነበር። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፤ ጣቴን ሳስገባ ጥፍሬን ይውጣል። ሻጩ ብዙም እንዳልተነዱ፣ ከአዲስ እንደማይለዩ ነገረኝ። ዋጋቸውም ሌላ ቦታ ከጠየቁኝ በአንዱ ጎማ ሦስት ሺህ ብር ይቀንሳል። ጎማ ላይ የተመረተበት ጊዜ እንደሚጻፍ ሰምቼ ስለነበር «የስንት ዓመት ነው?» አልሁት። ቅር ሳይለው ጎማውን አዙሮ በጣቱ አሳየኝ። 3114 ይላል። «አየህ ወንድሜ፣ 31ኛው ሳምንት፣ 2014። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም» አለኝ። በልቤ ቆጠርሁ፤ 2014፣ 2015፣ 2016። እውነት ነው፣ ሦስት አይሞላም። «ደረሰኝ ካልፈለግህ ደግሞ ቫቱን እተውልሃለሁ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ገንዘቡን በአንድ ግለሰብ ስም ወዳለ የባንክ ሒሳብ አስገባሁና ጎማዎቹን አስገጥሜ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 17 ቀን ማለዳ መንገድ ጀመርን። እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስነዳ ምንም አልተሰማኝም። ከአዳማ በኋላ ግን መሬቱ ዝቅ፣ ሙቀቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መተሐራ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዳችኋል። በሰቃ ሐይቅን አልፈን፣ ከተማዋንም ትተን፣ የፈንታሌን ተራራ በስተግራ እያየን ወደ አዋሽ ስናቀና ከኋላ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ድንጋይ የተሰነቀረ መሰለኝ። ፍጥነቴን ስቀንስ ድምፁ ባሰ፣ መሪው ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው አንድ ፍንዳታ። የመኪናዋ ኋላ ወደ ተቃራኒው መስመር ተወረወረ። ፍሬኑን ሳልረግጥ መሪውን ጨብጬ እንዴት ዳር እንዳወጣኋት እግዚአብሔር ያውቃል። በዚያ ቅጽበት ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ያ መንገድ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች የማይጠፉበት።

ከእነዚሁ ከባድ መኪናዎች የአንዱ ሹፌር ቆመልን። መጀመሪያ የሮጠው ወደ እናቴ ነው፤ «እማማ፣ ደኅና ነዎት? ይውረዱ፣ ከመንገዱ ራቅ ይበሉ» ብሎ ክንዷን ይዞ ጥላ ውስጥ አስቀመጣት። ከዚያ ድንጋይ ከጎማ ሥር ሸጉጦ ክሪኩን ራሱ ገጠመ። የፈነዳው ጎማ የላይኛው ቆዳ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ ሽቦው ወጥቶ ነበር። ሹፌሩ ቁራጩን አንሥቶ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ አውራ ጣቱን ሄድ መለስ አደረገና «ወንድሜ፣ ይህ ያለቀ ጎማ ነው፤ አዲስ እንዲመስል በቢላዋ የተቆፈረ» አለኝ። ቦዩ አንድ ቦታ ጠለቅ፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ይላል፤ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ ሽቦው ዝጎ ይታያል። ቀጥሎ ቁጥሩን አነበበና ዝም ብሎ አየኝ። «14 ማለት እኮ የፈረንጅ ነው» አለኝ።

ልባችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጎማ ላይ «ዲኦቲ» (DOT) ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር ከተጻፈው ተከታታይ መለያ መጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ፣ አራት አኃዞች አሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ዓመቱ ሁልጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኔው 3114 የተመረተው በእኛ ሐምሌ 2006 መጨረሻ ላይ ነበር። ዓመቱን ወደ እኛው አቆጣጠር ለመመለስ፣ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ስምንት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰባት ዓመት ቀንሱ። እኔ «ሦስት ያልሞላው» ብዬ የገዛሁት ጎማ አሥር ዓመት ከመንፈቅ ሊደፍን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖር እንዲጣል ይመክራሉ። ለራሴ የያዝሁት ቀላል ምልክት አለ፤ በእርግጥ አዲስ የሆነ ጎማ ላይ የሚነበበው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ገና ያልደረስንበት ነው። በ2017 ስትገዙ 24 የሚል ካያችሁ ትኩስ ነው። 14 ወይም 15 የሚል ካያችሁና ሻጩ «ቅርብ ነው» ካላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። አየር፣ ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ላስቲኩ ከውስጥ ሽቦው ጋር የተያያዘበት ኃይል ይላላል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትመላለሱ ላይታወቃችሁ ይችላል። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭናችሁ፣ በቆላ ሙቀት፣ ለሰዓታት ስትነዱ ግን ይገሸለጣል። የጥርሱ ጥልቀት ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም፤ እኔን ያታለለኝ እሱው ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የሚያበራውን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጎኑን ስንጥቅ የሚሸፍነው እሱ ነው። በዋናው ቦይ ውስጥ እየተራራቁ የተቀመጡ ትንንሽ ጉብታዎችን ፈልጉ። ጥርሱ እስከ እነሱ ካለቀ ጎማው እንዲጣል የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማውን በቢላዋ የሚቆፍር ሰው እነዚህንም አብሮ ይቆርጣቸዋል፤ ከሌሉ ወይም ከተቆራረጡ አትግዙ። እንዲቆፈሩ ተብለው የሚሠሩ የከባድ መኪና ጎማዎች አሉ፤ የቤት መኪና ጎማ ግን ለዚህ አልተሠራም። ሙሉው ቁጥር የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ካቀረቡላችሁ አስፈትታችሁ እዩ።

አዋሽ ላይ ሁለት ጎማ ገዝቼ፣ ቁጥራቸውን አሥር ጊዜ አንብቤ፣ ለዋዜማው ቁልቢ ደረስን። እናቴ ስለቷን አገባች።

ስንመለስ የተገሸለጠውንና የተረፈውን ጎማ ጭኜ ወደ ሻጩ ሄድሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ አላለፈብኝም ነበር። ሻጩ ግን ድምፁን እንኳ ሳያነሣ «ከእኔ ለመግዛትህ ማስረጃህ የታለ?» አለኝ። ደረሰኝ የለኝም። ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ የሱቁ አይደለም። በቫት ስም ጥቂት ብር አተረፍሁ ብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን፣ ለካ መብቴን አሳልፌ ሰጥቼ ነበር። እባካችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የጎማውን መጠንና አራቱን አኃዞች ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ ክፍያውንም በድርጅቱ ስም ፈጽሙ።

ልወጣ ስል ሻጩ ተከትሎኝ መጣና ያልፈነዳውን ጎማ ጎኑን ዳሰስ አደረገው። «ይኼኛው ደኅና ነው፤ በሁለት ሺህ ብር ልቀበልህ» አለኝ። መልሼ መኪናዬ ላይ ጫንሁት። ቤት ስደርስ ግቢ ውስጥ አጋድሜ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይገጥመው ሁለቱንም ጎኑን በቢላዋ ዙሪያውን ቀደድሁት።