በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ለሚያገለግሉ ሲስተር የቀረበ ምስጋና

ከአልቢኒዝም (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም በተፈጥሮ መጉደል) ጋር የተወለደችውን ልጃችንን ለሚከታተሉልን፣ ዘነበወርቅ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ አንዲት ሲስተር ልባዊ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸውን ያልጠቀስሁት ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው፤ እንደ እኛ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ግን ወደ ክፍሉ እንድትሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ በሰፈርም በዘመድም መካከል ጣት ሲቀሰር የኖረው ባለቤቴ ላይ ነበር። ሲስተር ይህን የተረዱት ገና ሳንነግራቸው ይመስለኛል። አብራን የመጣችውን እናቴን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «እማማ፣ ይህ እርግማን አይደለም፤ ከእናቷ ብቻ የመጣም አይደለም፤ ልጅዎም እኩል አውርሰዋታል» አሏት። ቀጥለውም ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚሠራበት ዘረመል ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ እንደሚወረስ፣ እኔና ባለቤቴ እያንዳንዳችን አንድ ደህና እና አንድ የተለወጠ ቅጂ ስለያዝን በመልካችን እንደማይታወቅ፣ ሁለቱም የተለወጡ ቅጂዎች ለአንድ ልጅ ሲደርሱ ግን አልቢኒዝም እንደሚከሰት፣ የዚህም ዕድል በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ እንደሆነ በእርጋታ አስረዱን። ከዚያ ወዲህ እናቴ በዚህ ጉዳይ ባለቤቴን ወቅሳት አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ቆዳ ካንሰር ሳያስደነግጡና ሳይደብቁ ስለነገሩን ነው። ልጄ የወረሰችው ተጋላጭነቱን እንጂ ካንሰሩን አይደለም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመክተው ሜላኒን ሲጎድል ጨረሩ የቆዳን ሕዋሳት በቀላሉ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከሕፃንነት ጀምሮ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታማ ቦታ ጨረሩ ይበልጥ ይበረታል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቀንም።

ሲስተር ልጄን ሲያዩ ማጅራቷን፣ የታችኛውን ከንፈሯንና የእጆቿን ጀርባ የሻከረ ነገር እንዳለ በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱንም ራሳቸው እየቀቧት፣ «ጆሮዋን አደራ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ጆሮን ነው» ይሉናል። የመከላከል ደረጃው 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ቅባት ውጭ እስካለች ድረስ በየ2 ሰዓቱ እንድንደግምላት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር እንድትቆይ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ኮፍያና እጀ ረጅም ልብስ እንድትለብስ አስለምደውናል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኮፍያዋን አውልቂ እንዳትባልም ለትምህርት ቤቷ የሚሰጥ ማስረጃ እንድናገኝ ረድተውናል፤ ይህ ከሥራ ድርሻቸው በላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

ለሳምንታት የማይድን ቁስል፣ የሚደማ ወይም ቅርፊት እየያዘ የሚመለስ እብጠት በልጃችሁ ወይም አልቢኒዝም ባለበት ዘመዳችሁ ቆዳ ላይ ካያችሁ፣ የቀጠሮ ቀን ሳትጠብቁ ይዛችሁት ሂዱ። በጊዜ የተደረሰበት የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል።